ሚቶሲስና ኢ-ጾታዊ መራባት አንድ አይደሉም

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ህዋስ ክፍፍል ሲጻፍ ሚቶሲስንና (የህዋሱን ዲኤንኤ የያዙት የተቀዱ ክሮሞዞሞች በእኩል ለሁለት የሚታደሉበትን ሂደት) ኢ-ጾታዊ መራባትን (ያለ ወንዴና ሴቴ የዘር ህዋሳት መዋሃድ መራባትን) እንደ አንድ ነገር ማቅረብ የተለመደ ሆኗል። በሳይንስ አምዳችሁ የወጣው ጽሑፍም ይህንኑ ደግሞታል፤ ሚቶሲስ ማለት «አንድ ህዋስ ለሁለት ይከፈላል» ማለት ነው፣ ባክቴሪያም በሚቶሲስ ይራባል፣ በኢ-ጾታዊ መራባት የሚገኙ ልጆችም «ፍጹም አንድ ዓይነት» ናቸው ብሏል፤ በሽንኩርት ሥር የሚሠራ ሙከራና ሥዕልም አክሎበታል። ጽሑፉ በብዙ በኩል ጥሩ ነው፤ ተማሪዎችም ያነቡታል። የምንጽፍላችሁም ለዚሁ ነው፤ እዚህ ላይ የተሳተ ተማሪ በኋላ ሚዮሲስን (የክሮሞዞምን ቁጥር የሚያጋምሰውን ክፍፍል)፣ የዘር ውርስንና ካንሰርን ሲማር ውሉ ይጠፋበታል።

ከስሙ እንጀምር። ሚቶሲስ የሚለውን ስም በ1882 ያወጣው ጀርመናዊው ቫልተር ፍሌሚንግ ነው። የሳላማንደር እጭ ህዋሳትን በቀለም እየነከረ በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ ዲኤንኤ በሚቀመጥበት በኒውክለሱ ውስጥ ቀለም የጠጡ ክሮች (ዛሬ ክሮሞዞም የምንላቸውን) አገኘ፤ ክሮቹ በቁመታቸው ሲሰነጠቁና ግማሾቹ በየፊናቸው ሲሄዱ ተከታተለ። ሚቶስ በግሪክኛ ክር ማለት ነው። ስሙ ከመጀመሪያው የሚጠራው የክሮቹን ሥራ ነው፤ የህዋሱን መከፈል አይደለም። የህዋሱ ገላ ለሁለት መለየቱ ሌላ ስም አለው፤ ሳይቶካይኔሲስ ይባላል። ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ተከታትለው ስለሚመጡ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንዱ ያለ ሌላው መሆን ይችላል።

የወባ ተውሳክን የሚያህል ምስክር ለዚህ አይገኝም። ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም ቀይ የደም ህዋስ ውስጥ ከገባ በኋላ ኒውክለሱ ደጋግሞ ይከፈላል፤ ገላው ግን ገና አንድ ነው። 48 ሰዓት ገደማ ሲሞላው በዚያ አንድ ገላ ውስጥ የተጠራቀሙት ኒውክለሶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሽፋን ይለብሳሉ፣ ቀይ የደም ህዋሱም ይፈነዳና ከ16 እስከ 32 የሚደርሱ አዳዲስ ተውሳኮች ወደ ደም ይፈሳሉ። በሽተኛውን የሚያንቀጠቅጠው ትኩሳት ከዚህ መፈንዳት ጋር የተያያዘ ነው። ይህ በእርግጥ ኢ-ጾታዊ መራባት ነው፤ ሚቶሲስም አለበት። ነገር ግን «አንድ ህዋስ ለሁለት ይከፈላል» የሚለው ትርጓሜ እዚህ አይሠራም፤ ኒውክለሶቹ የበዙት ገላው ሳይከፈል ነው።

ይኸው ተውሳክ ሌላም ነገር ያሳየናል። ወንዴው የተውሳክ ህዋስ ትንኟ ሆድ ውስጥ ሲደርስ ዲኤንኤውን ሦስት ጊዜ በፍጥነት ቀድቶ፣ በ15 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጅራት ያላቸው ስምንት የዘር ህዋሳት ያወጣል። ያውም በሚቶሲስ። እነዚህ የሚያገለግሉት ጾታዊ መራባትን ነው። የተውሳኩ ክሮሞዞሞች ከመጀመሪያውም በነጠላ ስለሆኑ ለማጋመስ ሚዮሲስ አያስፈልገውም። ሞስ የሚባሉት ትናንሽ አረንጓዴ ዕፅዋትም የዘር ህዋሳቸውን የሚሠሩት እንዲሁ በሚቶሲስ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ያለ ወንድ የሚራቡ የእንሽላሊት ዝርያዎች አሉ። ሴቶቹ እንቁላላቸውን የሚሠሩት በሚዮሲስ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ክሮሞዞሞቻቸውን አንድ ጊዜ ጨምረው ስለሚቀዱ ቁጥሩ ሳይጎድል ይቀራል። እንግዲህ ሚቶሲስ ለጾታዊ መራባት ሲሠራ፣ ሚዮሲስም ለኢ-ጾታዊ መራባት ሲያገለግል እናያለን። ሚቶሲስ ስልት ነው፤ መራባት ደግሞ ውጤት ነው። የተቆረጠ ጣት ቆዳ ሲድን በሚሊዮን የሚቆጠር ሚቶሲስ ይካሄዳል፤ አዲስ ሰው ግን አልተወለደም።

ባክቴሪያ በሚቶሲስ ይራባል የሚለውም ሊታረም ይገባል። ባክቴሪያ ኒውክለስ የለውም፤ ክሩን የሚጎትት ስፒንድልም የለውም። የኢ. ኮላይ ክሮሞዞም 4.6 ሚሊዮን ያህል የፊደል (የቤዝ) ጥንድ ያለው አንድ ክብ ዲኤንኤ ነው። ይህን ለመቅዳት 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ሆኖም ምግብ በበዛበት ቦታ ባክቴሪያው በየ20 ደቂቃው ይከፈላል። ሂሳቡ የማይገጥም ይመስላል። የሚገጥመው የመጀመሪያው ቅጂ ሳያልቅ ሁለተኛው ስለሚጀመር ነው፤ ልጅ ህዋሱ ሲወለድ የልጅ ልጁ ዲኤንኤ በከፊል ተቀድቷል። መሃሉን የሚያጠብበው ቀለበት የሚሠራውም ኤፍቲኤስዜድ ከሚባል ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን የእኛን ስፒንድል ከሚሠራው ቱቡሊን ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፤ ዝምድናው ግን ሥራውን ሚቶሲስ አያሰኘውም። ትክክለኛ ስሙ ለሁለት መሰንጠቅ፣ ባይነሪ ፊሽን ነው።

ወደ ራሱ ወደ ሚቶሲስ እንለፍ። ተማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት በቁጥሩ ላይ ነው። የሰው ህዋስ 46 ክሮሞዞም አለው። ዲኤንኤው ሲቀዳ ክሮሞዞሞቹ 92 አይሆኑም፤ 46 እንደሆኑ ይቆያሉ፣ እያንዳንዱ ግን ሴንትሮሜር በሚባለው መገናኛ ላይ የተጣበቁ፣ ክሮማቲድ የሚባሉ ሁለት ቅጂዎች ይኖሩታል። 92 የሆነው የክሮማቲዱ ቁጥር ነው። አናፌዝ በሚባለው የመለያየት ደረጃ ላይ ክሮማቲዶቹ በተላቀቁባት ቅጽበት እያንዳንዳቸው ክሮሞዞም ስለሚባሉ፣ በአንድ ህዋስ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ 92 ክሮሞዞም ይኖራል። ከዚያ 46 ወዲህ፣ 46 ወዲያ ይሄዳል። ሲቆጥሩ ሴንትሮሜርን መቁጠር ነው፤ ስንት ሴንትሮሜር ለየብቻው ቆሟል ቢሉ መልሱ የክሮሞዞሙ ቁጥር ነው። በሽንኩርት ቢሞክሩት 16፣ ከቅጂ በኋላ አሁንም 16 ከ32 ክሮማቲድ ጋር፣ አናፌዝ ላይ 32፣ መጨረሻ በእያንዳንዱ ልጅ ህዋስ 16 ይመጣል።

ቅጂው የሚካሄደው ሚቶሲስ ከመጀመሩ በፊት በኢንተርፌዝ ነው። ኢንተርፌዝን የእረፍት ጊዜ ማለት የቆየ ስህተት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ክሮቹ ስላልታዩአቸው ህዋሱ ሥራ የፈታ መሰላቸው። በላቦራቶሪ የሚያድግ የሰው ህዋስ አንድ ዙር በ24 ሰዓት ቢጨርስ፣ 11 ሰዓት ያህሉ ጂ1 በተባለው የዕድገት ክፍል፣ 8 ሰዓቱ ዲኤንኤ በሚቀዳበት ኤስ፣ 4 ሰዓቱ በጂ2 ያልፋል። ለሚቶሲስ የምትቀረው 1 ሰዓት ገደማ ናት።

በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ህዋሱ የሚገጥመው ችግር የክር ችግር ነው። የአንድ ህዋስ ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የተቀመጠው ግን ከ10 ማይክሮሜትር በማይበልጥ ኒውክለስ ውስጥ ነው። ያልተጠቀለለ ክር ለሁለት እከፍላለሁ የሚል ይተበትበዋል፣ ይበጥሰዋልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ደረጃ፣ በፕሮፌዝ፣ እያንዳንዱ ክሮሞዞም እንደ ልቃቂት ይጠቀለላል፤ በቀለም የሚታየንም ያን ጊዜ ነው። ከህዋሱ ሁለት ጫፍ ማይክሮቲዩብ የሚባሉ ክሮች እየረዘሙ ይመጣሉ። የሚሠሩት ቅርጽ መሃሉ ወፈር፣ ጫፎቹ ሾል ያሉ በመሆኑ ስፒንድል፣ ማለትም እንዝርት ተባለ። የኒውክለሱ ሽፋን ሲፈራርስ እነዚህ ክሮች ገብተው ክሮሞዞሞቹን ሴንትሮሜራቸው ላይ ባለው መያዣ፣ በካይኔቶኮር ይይዟቸዋል። በእርሾ ግን ሽፋኑ አይፈርስም፤ ስፒንድሉ የሚሠራው በኒውክለሱ ውስጥ ነው። ሽፋን መፍረስን የሚቶሲስ መለያ አድርጎ ማስተማር ልክ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ደረጃ፣ ሜታፌዝን፣ ብዙ ጽሑፎች «ክሮሞዞሞች መሃል ላይ ይሰለፋሉ» ብለው ያልፉታል። ለእኛ ግን ከሂደቱ ሁሉ የሚያስደንቀው እዚህ ያለው ነው። አያያዙ መጀመሪያ ላይ በአጋጣሚ ነው፤ ክሩ ያገኘውን ካይኔቶኮር ይይዛል። ሁለቱ እህት ክሮማቲዶች ከአንድ ጫፍ በመጡ ክሮች ከተያዙ ሁለቱም ወደ አንድ ልጅ ህዋስ ይሄዳሉ ማለት ነው። ህዋሱ ይህን የሚያውቀው በውጥረት ነው። ከተቃራኒ ጫፎች የተያዙ እህቶች ሲጎተቱ መሃላቸው ይወጠራል፣ አያያዙም ይጸናል። ከአንድ ወገን ብቻ የተያዙት ላይ ውጥረት ስለሌለ አውሮራ ቢ የተባለ ኢንዛይም ክሩን ያላቅቀዋል፤ እንደገና ይሞከራል። ክር ያልደረሰው አንድ ካይኔቶኮር ብቻ እንኳ ቢቀር የሚያወጣው ምልክት መላውን ህዋስ ያስቆማል። 45ቱ ተሰልፈው አንዱን ይጠብቃሉ።

የመጨረሻው ሲያያዝ ምልክቱ ይጠፋል። እስከዚያ ድረስ ሴፓሬዝ የሚባለውን መቁረጫ ኢንዛይም አፍኖ የያዘው ሴኩሪን ይፈርሳል፤ ሴፓሬዝ እህቶቹን አስሮ የቆየውን የኮሄሲን ቀለበት ይቆርጠዋል። ሁሉም ክሮማቲዶች በአንድ ጊዜ ያህል ይላቀቃሉ። ይህ አናፌዝ ነው። ክሮቹ እያጠሩ ክሮሞዞሞቹን በደቂቃ 1 ማይክሮሜትር ገደማ ወደየጫፉ ይስቧቸዋል። ቀድሞ የሚሄደው የተያዘው ሴንትሮሜር ስለሆነና ክንዶቹ ከኋላ ስለሚንጠለጠሉ፣ ክሮሞዞሞቹ የታጠፈ ጉጠት ይመስላሉ። በመጨረሻው ደረጃ፣ በቴሎፌዝ፣ ሽፋኑ እንደገና ይሠራል፣ ልቃቂቱም ይፈታል። ገላውን መክፈሉ በእንስሳና በዕፅዋት ለየቅል ነው፤ የእንስሳ ህዋስ አክቲንና ማዮሲን ከሚባሉ ፕሮቲኖች በተሠራ ቀለበት ከውጭ ወደ ውስጥ ይታነቃል፣ የዕፅዋት ህዋስ ግን ግድግዳው ስለማይታጠፍለት ከመሃል ወደ ውጭ አዲስ ግድግዳ ይገነባል።

ይህ ሁሉ ጥበቃ እያለም የሚያመልጥ ስህተት አለ። አንድ ካይኔቶኮር ከሁለቱም ጫፍ በመጡ ክሮች ሲያዝ፣ ተይዟል፣ ተወጥሯልም፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪው አያየውም። አናፌዝ ላይ ያ ክሮሞዞም ወዲያና ወዲህ እየተጎተተ መሃል መንገድ ይቀራል። ወይ ወደ ተሳሳተው ወገን ይገባል፣ ወይ ብቻውን ትንሽ ኒውክለስ ይሠራና ዲኤንኤው እዚያ ይሰባበራል። በብዙ የካንሰር ህዋሳት የክሮሞዞም ቁጥር የተዛባ ሆኖ የሚገኝበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ክሮቹ ጨርሶ እንዳይሠሩ ቢደረግስ? ኮልቺሲን የሚባለው የዕፅዋት መርዝ ይህን ያደርጋል፤ ክሮማቲዶቹ ይላቀቃሉ፣ የሚጎትታቸው ግን የለም፤ ሁሉም በአንድ ኒውክለስ ይቀራሉ። ዘር አልባ ሐብሐብ የተገኘው በዚህ ነው። 22 ክሮሞዞም ያለው ሐብሐብ በኮልቺሲን 44 ይደረግና ከ22ቱ ጋር ሲዳቀል 33 ያለው ልጅ ይወጣል። ባለ 33ቱ ሐብሐብ በሚቶሲስ ያለ ችግር ያድጋል፤ ሚዮሲስ ላይ ግን በሦስት በሦስት የሆኑትን ክሮሞዞሞች ማጣመር ስለማይችል ዘር አይዝም። ሚቶሲስ ማጣመር የማያስፈልገው መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

ትምህርቱን በዓይን ለማየት የሽንኩርት ሥር ይበቃል። አምዳችሁ የሰጠው አሠራር ግን ውጤት አይሰጥም፤ አሲዱን ዘሎታል፣ የሥሩንም የተሳሳተ ክፍል አስቆርጧል። ሽንኩርቱን ታችኛው ክፍሉ ውሃ እንዲነካ አድርጎ በብርጭቆ አፍ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከ2 እስከ 4 ቀን ውስጥ ሥሮቹ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆኑ ጫፋቸውን በ1 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ፣ 3 እጅ ኤታኖልና 1 እጅ ግላሲያል (ያልተበረዘ) አሴቲክ አሲድ በተቀላቀለበት ውስጥ አንድ ሌሊት ማሳደር። ይህ ህዋሳቱን ባሉበት ደረጃ ያቆማቸዋል። ከዚያ በውሃ አጥቦ፣ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ማቆየት፣ እንደገና ማጠብ። አሲዱ ህዋስን ከህዋስ ያጣበቀውን ነገር ያሟሟዋል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል፣ ክፍሉም አየር የሚገባበት ይሁን፤ አሲድ ሲበረዝ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም።

አሁን ከጫፉ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስላይድ ላይ አስቀርቶ ሌላውን መጣል ነው። የሚከፈሉት ህዋሳት ያሉት እዚያ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ክፍል የሚረዝም እንጂ የሚከፈል አይደለም። አሴቶ-ኦርሲን ወይም ቶሉይዲን ብሉ የተባለ ቀለም ጠብ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ በመርፌ መበተን፣ በመሸፈኛው ስስ መስታወት መሸፈን፣ ማጣሪያ ወረቀት ደርቦ በአውራ ጣት ቀጥ አድርጎ ወደ ታች መጫን። መስታወቱ ከተንሸራተተ ህዋሳቱ ይጠቀለላሉ፣ ክሮሞዞሞቹም ይዛባሉ። መጀመሪያ በ100፣ ቀጥሎ በ400 እጥፍ ይታያል። ህዋሳቱ ተደራርበው ከታዩ አሲዱ ላይ የቆዩበት ጊዜ አንሷል ወይም አጫጫኑ ልል ነው። ሥሩ በመርፌ ሲነካ እንደ ገንፎ ከፈረሰ አሲዱ በዝቶበታል። ሁሉም ህዋስ ረጃጅምና ትንንሽ ኒውክለስ ያለው ከሆነ የተወሰደው ክፍል የተሳሳተ ነው፤ የሚፈለጉት አራት ማዕዘን መሳይ፣ ኒውክለሳቸው ገላቸውን የሞላ ህዋሳት ናቸው።

ሲታይ አብዛኛው ህዋስ ኢንተርፌዝ ላይ ነው፤ ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም። የታየው ሥዕል በአንድ ቅጽበት የቆመ ሕዝብ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ደረጃ ብዙ ህዋስ ይይዛል። 500 ህዋስ ተቆጥሮ 45ቱ ሚቶሲስ ላይ ቢገኙ 9 በመቶ ነው። የሙሉው ዙር ርዝመት 20 ሰዓት ቢሆን ሚቶሲስ በግምት 1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይወስዳል ማለት ነው። ባለበት በቆመ ህዋስ ላይ ሰዓት የሚለካው በዚህ መልክ ነው፤ ተማሪ በገዛ እጁ ቆጥሮ ሲያወጣው የሚሰማው ደስታ በሥዕል ከማየት ጋር አይወዳደርም።

በኢ-ጾታዊ መራባት የሚገኙ ልጆች «ፍጹም አንድ ዓይነት» ናቸው መባሉም ልክ የለሽ ነው። ቀጂው ኢንዛይም ከ100,000 ፊደል አንዱን ገደማ ይስታል። ራሱ ወዲያው ሲያርም፣ ሌሎች አራሚ ፕሮቲኖችም ሲከተሉት ስህተቱ ከ1 ቢሊዮን ፊደል ወደ አንድ ገደማ ይወርዳል። የሰው ህዋስ ግን በየክፍፍሉ ከ6 ቢሊዮን በላይ የፊደል ጥንድ ስለሚቀዳ ጥቂት ማምለጡ አይቀርም። ከኒውክለሱ ውጪ ያለው ደግሞ በእኩል አይታደልም፤ ለህዋሱ ኃይል የሚያመርቱት ማይቶኮንድሪያዎች የሚደርሱት በያሉበት ነው። የዳቦ እርሾ ሲያቆጠቁጥ ልጁ ከእናቱ ያንሳል፣ እናትየዋም በወለደችበት ቦታ ጠባሳ ይቀርባታል፤ ጠባሳው ተቆጥሮ ስንት እንደወለደች ይታወቃል።

ሆኖም ልዩነቱ ትንሽ መሆኑ ራሱ አደጋ አለው። በገበያ የሚበዛው የካቨንዲሽ ሙዝ 33 ክሮሞዞም ያለው፣ ዘር የማይሰጥ፣ ከእናቱ ሥር በሚነሳ ቡቃያ የሚተከል ነው። ከእሱ በፊት ገበያውን የያዘው ግሮ ሚሼል የተባለው ሙዝም እንዲሁ ነበር፤ ፉሳሪየም የተባለ የአፈር ፈንገስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እርሻዎቹን ጠራርጎ ካቨንዲሽ ተተካ። አሁን ትሮፒካል ሬስ 4 የተባለው የዚያው ፈንገስ ዝርያ ካቨንዲሽን ያጠቃል። አንዱ ተክል መከላከል ካልቻለ ጎረቤቱም አይችልም፤ ቅጂው ነውና። በ1845 የአየርላንድን ድንች ያወደመው በሽታም ያገኘው ከቁራጭ እየተተከለ የበዛ፣ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ድንች ነው፤ በሽታ አምጪው ራሱም የተዛመተው በኢ-ጾታዊ ስፖሮቹ ነበር።

በመጨረሻ ስለ ሥዕሉ። ከጽሑፉ ጋር የወጣው የሽንኩርት ህዋስ ሥዕል በሁለቱ ጫፎች ሴንትሪዮሎች (በእንስሳ ህዋስ ስፒንድሉ በሚነሳበት ጫፍ የሚገኙ ትናንሽ አካላት) አሉት። ሽንኩርት ሴንትሪዮል የለውም፤ አበባ የሚያብቡ ዕፅዋት ሁሉ የላቸውም፣ ስፒንድላቸውን ያለ እሱ ይሠራሉ። ሦስተኛው ሥዕል ላይ ያለው ህዋስም መሃሉ ታንቆ ይታያል፤ በግድግዳ የታጠረ ህዋስ እንዲያ አይሆንም። እርማት የምታወጡ ከሆነ ሴንትሪዮሎቹ ይሰረዙ፣ በመታነቁ ፋንታም መሃል ላይ ወደ ግራና ቀኝ እየሰፋ የሚሄድ ስስ መስመር ይሣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ ሕይወት መምህራን